ስለ ጀልባ ሠሪዎቹ ያስተማርኳችሁ ግማሹን ነበር

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ቡና ያላችሁ ይዛችሁ ተቀመጡ። በተለይ የቀድሞ ተማሪዎቼን ነው የምፈልገው፤ ማረም ያለብኝ አንድ ነገር አለ።

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ገጼ ላይ የታክስ ክርክር ተነስቶ ነበር። ከእናንተ አንዱ (ስሙን አልጠራም፣ ራሱን ያውቃል) እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ቲቸር ራሱ አስተምሮናል እኮ! አሜሪካኖች ሀብታሙን እናስከፍል ብለው ጀልባ ላይ ታክስ ጣሉ። ሀብታሙ ጀልባውን ተወው፤ ከሥራ የተባረረው ጀልባ ሠሪው ነው።» ላይኩ ዘነበለት። እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ ደስ አለኝ። ከስንት ዓመት በኋላ ያስተማሩት ነገር ሳይረሳ ሲገኝ ለአስተማሪ ከዚህ በላይ ምን አለ? ማታ ላይ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ።

ያን ትምህርት በሰጠሁበት በአንዱ ዓመት፣ ከኋላ ወንበር የምትቀመጥ ዝምተኛ ልጅ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ታክሱ ሲነሳ ሠራተኞቹ ተመለሱ?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። እኔም «አዎ፣ ተመለሱ» አልኳት። አላውቅም ነበር። ደወሉ ሊደወል ነው፣ ምዕራፉ አላለቀም፣ ጥያቄው ደግሞ ፈተና ላይ አይመጣም። ዝም ብዬ አለፍኩት።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? ዛሬ ከሥሩ ልጀምርላችሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ለብዙዎቻችን ጀልባ ሲባል የሚመጣብን የጣና ታንኳ ነው፤ ዓሣ የሚጠመድበት፣ እንጨት የሚጫንበት፣ ሰው የሚሻገርበት። አሜሪካ ውስጥ ግን በብዛት የሚሸጠው ጀልባ ለእንጀራ የሚሆን አይደለም። ቅዳሜና እሁድ ቤተሰብ ጭኖ ሐይቅ ላይ የሚንሸራሸርበት፣ ለጨዋታ ዓሣ የሚጠመድበት ነው። የመዝናኛ ጀልባ ይሉታል። ይቺን ልብ በሉልኝ፤ የታሪኩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ማንም ሰው የመዝናኛ ጀልባ ዘንድሮ ባይገዛ አይራብም። ሠሪው ግን ዘንድሮ ካልሠራ ይራባል።

ይህ ኢንዱስትሪ የተወለደው በአይስክሬም ነው ይባላል። ኦሌ ኤቪንሩድ የሚባል ሰው ነበር፤ በ1877 ኖርዌይ ተወልዶ በአምስት ዓመቱ ከቤተሰቡ ጋር ወደ አሜሪካ፣ ዊስኮንሲን የሄደ ስደተኛ። ብረት ሥራ ተማረ፣ ሞተር መሥራት አበደበት። በ1900ዎቹ መጀመሪያ በአንድ የበጋ ቀን ከእጮኛው ከቤስ ጋር ሐይቅ ዳር ተዝናኑ። አይስክሬም አማረኝ አለችው። ኦሌ በጀልባ እየቀዘፈ ሄዶ ገዛላት። ሲመለስ አይስክሬሙ ቀልጧል። በዚያ ንዴት ከጀልባ ኋላ የሚንጠለጠል ሞተር ለመሥራት ወሰነ ይላል ተረኩ። ተረኩ ምን ያህል ተቀብቷል የሚለውን ለናንተ ልተወው፤ በ1909 ግን ኦሌ ሚልዋኪ ከተማ ውስጥ ሞተሮቹን መሸጥ ጀምሮ ነበር። ሒሳቡንና ማስታወቂያውን የምትይዘው ቤስ ነበረች።

በ1914 የቤስ ጤና ሲታወክ ኦሌ ድርሻውን ሸጦ ከንግዱ ወጣ፤ ቆይቶ ደግሞ በአሉሚኒየም የቀለለ አዲስ ሞተር ይዞ ተመለሰ። በ1929 ድርጅቶቹ ተዋሐዱ። ልክ ሲዋሐዱ ያ ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት መጣ። ሕዝቡ ዳቦ ሲቸግረው የጀልባ ሞተር ማን ይገዛል? ቤስ በ1933፣ ኦሌ በ1934 ሞቱ። ልጃቸው ራልፍ ተረከበና በ1936 ጆንሰን ከሚባለው ተፎካካሪ ጋር ተቀላቅለው አውትቦርድ ማሪን ኮርፖሬሽን የተባለውን ግዙፍ ድርጅት ፈጠሩ። ከዚህ በኋላ በአጭሩ ኦኤምሲ እያልኩ እጠራዋለሁ። ዋና መሥሪያ ቤቱ ከቺካጎ በስተሰሜን፣ ሚቺጋን ሐይቅ ዳር ያለችው ዋኪጋን ከተማ ነበር። ለአሥርት ዓመታት የዋኪጋን ሰው አባቱ ጆንሰን ፋብሪካ ሲሠራ እያየ አድጎ እሱም እዚያው ይቀጠር ነበር።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ ሌላ ለውጥ መጣ፤ ፋይበር ግላስ። ቀድሞ ጀልባ የእንጨት ሥራ ነበር። ዓመታት የተማረ አናጺ ሳንቃውን እያጎበጠ፣ እየላገ የሚያበጀው። ፋይበር ግላስ ሲመጣ ያ ሙያ ቀስ በቀስ ወደ ዳር ተገፋ። አዲሱ ሥራ እንዲህ ነው፦ የጀልባው ቅርፅ ያለበት ትልቅ ሞልድ ይዘጋጃል። ሰም ይቀባል። ውጭ የሚታየው የሚያብረቀርቀው ሽፋን ይረጫል። ከዚያ የመስታወት ክር ጨርቅ እየተነጠፈ ሬዚን በሚባል ሙጫ ይነከራል፣ አየር እንዳይቀርበት በሮለር ይዳመጣል። ሲደርቅ ከሞልዱ ይላቀቃል፤ ከዚያ ወለሉ፣ ሽቦው፣ ወንበሩ፣ ሞተሩ ይገጠማል። ሲነገር ቀላል ይመስላል። የሬዚኑ ሽታ ግን ራስ ያዞራል። ብናኙ ልብስ ውስጥ ገብቶ ሌሊቱን ሙሉ ያሳክካል። በዚያ ላይ ሥራው ወቅት አለው፤ ገዢው ጀልባ የሚያምረው ፀደይና በጋ ሲመጣ ስለሆነ ሠሪው ክረምቱን በበረዶ ወራት ሙጫ ሲያሸት ይከርማል፤ ገበያ ሲቀዘቅዝ «ለጊዜው እቤት ቆይ» ይባላል። ገና ከመሠረቱ ሥራው ዋስትና አልነበረውም ማለት ነው።

አሁን ወደዚያ ታዋቂ ታክስ እንምጣ።

በ1988 ጆርጅ ቡሽ (አባትየው) አዲስ ታክስ አልጥልም ብለው ምለው ተመረጡ። የበጀት ጉድለቱ ሲያስጨንቃቸው በ1990 መጨረሻ ከኮንግረስ ጋር ተስማምተው መሐላቸውን አፈረሱ። በዚያ ሕግ ውስጥ የቅንጦት ታክስ የሚባል አለ። ከ1991 መጀመሪያ አንስቶ ዋጋው ከ100,000 ዶላር በላይ የሆነ አዲስ ጀልባ የሚገዛ ሰው፣ ከ100,000 በሚበልጠው ላይ 10 በመቶ ይከፍላል። ጀልባው 300,000 ዶላር ከሆነ ታክሱ 20,000 ነው። ውድ መኪና፣ የግል አውሮፕላን፣ ጌጣጌጥና የፀጉር ካፖርትም ነበሩበት። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ያለው ይክፈል።

ሀብታሙ ምን አደረገ? ዝም ብሎ አልገዛም። ታክሱ የሚመለከተው አዲስ ጀልባ ብቻ ስለነበር ያገለገለ መግዛት ይችላል። ያለችውን ጀልባ አሳድሶ መቆየት ይችላል። ገንዘቡን ሌላ ነገር ላይ ማዋል ይችላል። ኒው ጀርሲ ውስጥ ኒው ግሬትና በምትባል ትንሽ ቦታ ቫይኪንግ የሚባል ትልልቅ የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ የሚሠራ የሁለት ወንድማማቾች ድርጅት አለ። ከሺህ በላይ የነበረው ሠራተኛ በአጭር ጊዜ ከመቶ በታች ወረደ። ጀልባ ሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን ይዘው ዋሽንግተን ድረስ ሄደው ጮኹ። የኮንግረስ የጋራ ኢኮኖሚ ኮሚቴ ጥናት በጀልባ ሥራ ብቻ በታክሱ ምክንያት ይጠፋል ብሎ የገመተው የሥራ ቦታ 7,600 ገደማ እንደነበር እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። በነሐሴ 1993 የመኪናው ሲቀር ታክሱ ተነሳ።

የግሪጎሪ ማንኪው የኢኮኖሚክስ መማሪያ መጽሐፍ ይህን ምሳሌ ይዟል፤ እኔም ያስተማርኳችሁ ከዚያው ነው። ኢላስቲሲቲ ስናስተምር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም፦ የታክስ ሸክም የሚያርፈው ሕጉ «ክፈል» ያለው ሰው ላይ ሳይሆን ማምለጫ የሌለው ሰው ላይ ነው። ገዢው አማራጭ አለው፤ ሠሪውና ፋብሪካው አማራጭ የላቸውም። ይህ ትክክል ነው። ዛሬም አልሽረውም።

የዘለልኩት ግን ይኸውና።

አንደኛ፣ የአሜሪካ የጀልባ ገበያ መውረድ የጀመረው ከ1988 በኋላ ነው፤ ታክሱ ገና ሳይታሰብ። ሁለተኛ፣ በሐምሌ 1990 ኢኮኖሚው ራሱ ወደ ድቀት ገባ። ሦስተኛ፣ ነሐሴ ላይ ሳዳም ሁሴን ኩዌትን ወረረ፣ የነዳጅ ዋጋ ተሰቀለ፣ በጥር ጦርነቱ ተጀመረ። ጦርነት እያየ ጀልባ የሚያምረው ማን ነው? ታክሱ የማይነካቸው ትናንሽ ጀልባዎች እንኳን አልተሸጡም፤ አብዛኛው አሜሪካዊ የሚገዛው ደግሞ ከ100,000 ዶላር በታች ያለውን ነው። ታክሱ ለትልልቅ ጀልባ ሠሪዎች በወደቁበት የተጨመረ ዱላ ነበር። ዱላው ያማል፤ የጣላቸው ግን እሱ ብቻ አይደለም።

አራተኛው ከሁሉም በላይ ያልነገርኳችሁ ነው። በ1986 ብራንስዊክ የተባለው ኩባንያ ቤይላይነርንና ሲ ሬይን፣ የአገሪቱን ትልልቅ ጀልባ ሠሪዎች፣ በመቶ ሚሊዮኖች በሚቆጠር ዶላር ገዛ። እስከዚያ ድረስ ሞተር ሠሪው ሞተር፣ ጀልባ ሠሪው ጀልባ ይሠራ ነበር። አሁን ጀልባው ከነሞተሩ አንድ ላይ ሊሸጥ ሆነ። ኦኤምሲ «ሞተሬን የሚሰቅልልኝ ጀልባ ላጣ ነው» ብሎ ደንግጦ እሱም በየክፍለ ሀገሩ ያሉ ጀልባ ሠሪዎችን እየዞረ መግዛት ጀመረ። ታዋቂውን ክሪስ ክራፍትን ሳይቀር፣ የቀድሞ ባለቤቱ ሲከስር፣ በ1989 ወሰደው። ራልፍ ኤቪንሩድ የሞተው በዚያው በ1986 ነው። ስሙ ሞተሩ ላይ የተጻፈ ቤተሰብ ከወንበሩ የጠፋው፣ ግዢው የተጧጧፈው፣ በአንድ ሰሞን ነው። ሁለቱ ግዙፎች ገበያው ጫፍ ላይ በደረሰበት ዋጋ ገዝተው ሳይጨርሱ ገበያው ወደቀ። ይህን ሁሉ የወሰነ አንድም ሬዚን የሚነክር ሰው የለም።

አሁን ወደ ልጅቷ ጥያቄ። ታክሱ ተነሳ። ሠራተኞቹ ተመለሱ?

ቫይኪንግ ተረፈ። ወንድማማቾቹ ያላቸውን ከኪሳቸው እያወጡ ድርጅቱን አቆዩት፤ ገበያው ሲመለስ ሠራተኛ ቀጠሩ፤ ድርጅቱ ዛሬም እዚያችው ወንዝ ዳር ይሠራል። ስለዚህ መልሱ በከፊል አዎ ነው። የኦኤምሲን ግን ስሙ።

በ1996 የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት የጀልባ ሞተሮች ጭስ ላይ ሕግ አወጣ። ልክ ነበር፤ የድሮው ሁለት ምት ሞተር ከሚጠጣው ነዳጅ ሩብ ያህሉን ሳያቃጥል ወደ ውሃው ይተፋ ነበር። ኦኤምሲ ከጀርመን በመጣ ፊክት በተባለ የነዳጅ መርጫ ቴክኖሎጂ ቶሎ ብሎ አዲስ ሞተር ለገበያ አቀረበ። ቶሎ ማለቱ ጎዳው። ትልልቆቹ ሞተሮች ሐይቅ መሀል እየተበላሹ ባለቤቶቹን ማስቀረት ጀመሩ። በጋራንቲ የሚመለሰው በዛ፤ ስም ጠፋ። በዚሁ መሀል በ1997 አንድ የኢንቨስተሮች ቡድን ኩባንያውን ከ350 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍሎ ከአክሲዮን ገበያ አወጣው። በ1998 ኩባንያው የሚልዋኪንና የዋኪጋንን ፋብሪካዎች እንደሚዘጋ አስታወቀ። ኦሌ ሞተሩን የጀመረባት ሚልዋኪ!

ከዚያ ታኅሣሥ 22 ቀን 2000 ደረሰ፤ ለእነሱ ገና ሦስት ቀን ሲቀረው። ኦኤምሲ ቺካጎ ፍርድ ቤት ሄዶ የኪሳራ ማመልከቻ አስገባ። ወደ 7,000 የሚጠጋ ሠራተኛ ነበረው፤ አብዛኛው በዚያው ሰሞን «እቤትህ ሂድ» ተባለ። ሞተር ሠሪውም፣ ሚቺጋን ውስጥ ካዲላክ በምትባል ከተማ ፎር ዊንስ ጀልባ የሚሠራውም። ሞተሩ ጥፋት ነበረበት እንበል፤ ፎር ዊንስ ጀልባ ላይ ወንበር የሚገጥመው ሰው በፊክት ሞተር ምን አገባው?

እስቲ ልጠይቃችሁ። በ2000 የቅንጦት ታክስ በጀልባ ላይ ነበር? የለም፣ ከተነሳ ሰባት ዓመቱ ነው። ድቀት ነበር? የለም፤ የአሜሪካ ሥራ አጥነት 4 በመቶ ገደማ፣ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ዝቅተኛው ነበር። ታዲያ ምን አባረራቸው? መፍጠን፣ ዕዳ፣ ሩቅ ተቀምጦ የሚወስን ባለቤት። ተሸካሚው ግን ያው የ1991ዱ ሰው ነው።

በ2001 መጀመሪያ ኩባንያው ተበልቶ ተሸጠ፤ ሞተሩን የካናዳው ቦምባርዲየር፣ ጀልባዎቹን ጄንማር የሚባለው ድርጅት፣ በድምሩ ወደ 95 ሚሊዮን ዶላር በሚሆን ገንዘብ ወሰዱት። የሞተሩ ሥራ ወደ ስተርተቫንት፣ ዊስኮንሲን ሄደ። ዋኪጋን ባዶ ፋብሪካ ቀረላት። ባዶ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። የጆንሰን ፋብሪካ ለዓመታት ፒሲቢ የተባለ መርዛማ ኬሚካል ያለበት ዘይት ወደ ወደቡ ሲለቅ ኖሮ በ1976 ተደርሶበታል፤ ኩባንያው ሲከስር የቀረው ጽዳት በመንግሥት ትከሻ ላይ ወደቀ። ባለአክሲዮን ሸጦ ይሄዳል። ሐይቅ ግን የት ይሄዳል?

ጄንማርስ? ያ ገዢ ራሱ በሰኔ 2009፣ በዓለም አቀፉ የገንዘብ ቀውስ መሀል፣ የኪሳራ ማመልከቻ አስገባ። በ2000 የገና ሰሞን ተባሮ፣ ተመልሶ ተቀጥሮ «አሁን ተረጋጋሁ» ያለ የጀልባ ሠራተኛ በስምንት ዓመቱ እንደገና ያንኑ በር አየ።

የኤቪንሩድ ስም ደግሞ እስከ 2020 ዘለቀ። በግንቦት 2020፣ ኮሮና ዓለምን ሲዘጋ፣ የቦምባርዲየር ወራሽ ቢአርፒ ኤቪንሩድን ማምረት አቆምኩ አለ። በዓለም ዙሪያ 650 ሠራተኞችን የሚነካ ውሳኔ ነበር። ከ1909 ጀምሮ የነበረ ስም በአንድ መግለጫ ተዘጋ። ምጸቱ ምን መሰላችሁ? በዚያው በጋ አሜሪካውያን መጓዝም መሰባሰብም ሲከለከሉ ሁሉም ወደ ሐይቅ ዞረ፤ የዚያ ዓመት የጀልባ ሽያጭ ከአሥር ዓመት በላይ ያልታየ ሆነ። ሰዎቹ ጀልባ ፈልገው ሲሰለፉ፣ ሞተር ሠሪዎቹ ሥራ ፍለጋ ተሰልፈዋል።

እንግዲህ ትምህርቱን ላርመው። ደብተራችሁን ከጣላችሁት በልባችሁ ጻፉት።

ያኔ ያልኳችሁ «ታክስ ማምለጫ የሌለው ሰው ላይ ያርፋል» ነበር። «ታክስ» የምትለዋን ቃል ሰርዙና «ማንኛውም ድንጋጤ» ብላችሁ ጻፉ። ታክስ ሲመጣ ገዢው ያመልጣል። ጦርነትና ድቀት ሲመጣ ገዢው ለከርሞ ያስተላልፈዋል። የተበላሸ ሞተር ሲመጣ ገዢው ሌላ ብራንድ ይገዛል። ዕዳ ሲከብድ ባለቤቱ ፍርድ ቤት ሄዶ በሕግ ይጠለላል፤ አበዳሪውም ከሐራጁ ድርሻውን ይጠብቃል። ሠራተኛው ግን ቤቱ እዚያው፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት እዚያው፣ እጁ የሚያውቀው ሥራ ያው አንድ ነው። መሸሽ ያልቻለው እሱ ነው፤ ስለዚህ ሁሉም እሱ ላይ ያርፋል።

ይህን ሳልነግራችሁ ምሳሌውን ግማሹን ብቻ ስለሰጠኋችሁ፣ አንዳንዶቻችሁ «ሀብታምን ታክስ አትንኩ፣ ድሃው ይጎዳል» የሚል መፈክር አድርጋችሁታል። ጥፋቱ የናንተ አይደለም፣ የኔ ነው። የጀልባው ታሪክ የሚለው ሀብታምን አትንኩ አይደለም። የሚለው፦ ስትወስኑ፣ ታክስም ሆነ ግዢ፣ ሽያጭም ሆነ መዝጋት፣ መጀመሪያ ማን መሸሽ እንደማይችል ቁጠሩ፤ ለሱ የሚሆን ነገር ሳታዘጋጁ አትወስኑ ነው። ዛሬ ከናንተ መሀል ባንክ ውስጥ ብድር የምትወስኑ አላችሁ፤ መሥሪያ ቤት ሆናችሁ ደንብ የምታረቁ አላችሁ፤ ሃያ ሠላሳ ሰው ቀጥራችሁ የምታስተዳድሩም አላችሁ። ይህ ጽሑፍ ለናንተ ነው።

አንቺ ከኋላ ወንበር የነበርሽው ልጅ፣ የት እንዳለሽ አላውቅም። ይህ ጽሑፍ ከደረሰሽ፣ መልሱ ይኸውልሽ፦ የተወሰኑት ተመለሱ። ከተመለሱት ብዙዎቹ እንደገና ተባረሩ። ብዙዎቹ ደግሞ ጭራሽ አልተመለሱም። ያን ቀን «አላውቅም፣ አጣርቼ እነግርሻለሁ» ማለት ነበረብኝ። ዘገየሁ፤ ይቅርታ።

የምታውቋት ካላችሁ ታግ አድርጉልኝ። ስህተት ያገኘ ደግሞ አስተያየት መስጫው ላይ ያርመኝ፤ ዘንድሮ ደወል የለም።

ቸር ሰንብቱ።